ፔኒ ማምረት ቆመ፤ መልሳችን ምን ይሆናል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሜሪካ ውስጥ በካሽ ለምትገዙ፣ በካሽ ለምትሸጡና እቤታችሁ ጣሳ ሙሉ ፔኒ ላስቀመጣችሁ።

ፔኒ ቀረ ሲባል ከእንግዲህ አይሠራም ማለት ነው?

አይደለም። የቆመው ማምረቱ ነው። ለገበያ የሚሆነው የመጨረሻው ፔኒ የተመታው ፊላደልፊያ በሚገኘው የመንግሥት ሳንቲም ማምረቻ፣ ኖቬምበር 12 ቀን 2025 ነው። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ግን ትናንት አንድ ሳንቲም ነበር፣ ዛሬም አንድ ሳንቲም ነው። የሻረው ሕግ የለም። "እስከዚህ ቀን ድረስ ባንክ አስገቡ" የተባለም ነገር የለም። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ አገር ቤት የብር ኖት ሲቀየር የነበረው ሩጫ ትዝ ብሏችሁ ከሆነ፣ ይሄ እንደዚያ አይደለም። ተረጋጉ።

የአሜሪካ ግምጃ ቤት እንደሚለው ወደ 300 ቢሊዮን የሚጠጋ ፔኒ አሁንም አለ። ታዲያ ይህን ያህል ካለ ሱቅ ውስጥ ለምን ጠፋ? ስለማንከፍልበት ነዋ! መልስ ተብሎ ይሰጠናል፣ ኪስ ይገባል፣ ማታ ጣሳ ውስጥ ይወረወራል፣ አንዳንዱም መኪና ወንበር ሥር ይገባና በቃ እዚያው ይቀራል። በየዓመቱ ቢሊዮኖች ሲመረቱ የኖሩት ሱቆች ለመልስ የሰጡት ፔኒ ዞሮ ስለማይመጣላቸው ነው። የመጨረሻው ፔኒ ሳይመታ ገና ከሳምንታት በፊት ባንኮች "የለንም" ማለት የጀመሩትም ለዚህ ነው።

ለምን አቆሙት?

አንዱን ፔኒ ለመሥራት በ2024 በጀት ዓመት 3.69 ሳንቲም ይፈጅ ነበር። አንድ ሳንቲም ለማውጣት ወደ አራት ሳንቲም ማለት ነው። በዚያው ዓመት 3.2 ቢሊዮን ገደማ ተመርቶ ማምረቻውን 85 ሚሊዮን ዶላር አክስሮታል። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2025 በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ "አቁሙ" ብለው ትዕዛዝ ሰጡ፤ በሜይ ግምጃ ቤቱ የመጨረሻውን ጥሬ ዝርግ (ፔኒ የሚመታበትን ባዶ ክብ ብረት) አዘዘ፤ እሱ ሲያልቅ ምርቱ ቆመ። ይተርፋል የተባለው በዓመት 56 ሚሊዮን ዶላር ነው። ለአሜሪካ በጀት ይህ የቡና መጠጫ ናት፣ ግን ኪሳራ ኪሳራ ነው።

ታሪኩ አዲስ አይደለም። አሜሪካ ግማሽ ሳንቲም የሚያወጣ የብረት ገንዘብ ነበራት፤ በ1857 ተወች። ያኔ ግማሽ ሳንቲም ዛሬ በአንድ ዳይም (አሥር ሳንቲም) ከሚገዛው በላይ ይገዛ ነበር። እንግዲህ በዚያ ስሌት ከሄድን ፔኒ መቅረት የነበረበት ድሮ ነው።

መልሴ እንዴት ይሰላል?

አብዛኛው ሱቅ የያዘው ዘዴ ወደ ቅርቡ አምስት ሳንቲም ማጠጋጋት ነው። የሚታየው የጠቅላላ ሂሳቡ የመጨረሻ አሃዝ ብቻ ነው። በ1 ወይም በ2 ካለቀ ወደ 0 ይወርዳል፣ በ3 ወይም በ4 ካለቀ ወደ 5 ይወጣል። በ6 ወይም በ7 ካለቀ ወደ 5 ይወርዳል፣ በ8 ወይም በ9 ካለቀ ወደሚቀጥለው አስር ይወጣል። 0 እና 5 ካሉበት አይነቃነቁም።

ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሱቅ ገብታችሁ 7.99 የሚል የልብስ ሳሙና አነሳችሁ እንበል። የሜሪላንድ ታክስ 6 በመቶ ነው፣ 48 ሳንቲም ይጨመርና 8.47 ይሆናል። በካሽ 8.45 ትከፍላላችሁ፣ ሁለት ሳንቲም ተረፈላችሁ። ሳሙናው 4.99 ቢሆን ኖሮ ከነታክሱ 5.29 ነው፣ በካሽ 5.30 ትከፍላላችሁ፣ አንድ ሳንቲም ሄደባችሁ። ሁለቱን አብራችሁ ብትገዙ 13.76 ይመጣል፣ 13.75 ይሆናል። የሚጠጋጋው ታች ያለው ጠቅላላ ድምር አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እያንዳንዱን ዕቃ ለየብቻ የሚያጠጋጋ ሱቅ ካጋጠማችሁ ደረሰኙን አሳዩና ጠይቁ፤ ልክ አይደለም።

ሁሉም እንዲህ አያደርግም። መካከለኛው ምዕራብ ያለው ክዊክ ትሪፕ የተባለው የማደያ ሰንሰለት ለካሽ ደንበኛ ሁልጊዜ ወደ ታች ነው የሚያወርደው። ትንሽ ሱቅ ግን በቀን የካሽ ደንበኛው ብዙ ከሆነ ይሄ ቀስ በቀስ ይሰማዋል።

እኔ ራሴ ፔኒ ካለኝስ?

ካላችሁማ ጨዋታው ቀላል ነው። ሂሳቡ 8.48 ከሆነ ሦስት ፔኒ ጨምራችሁ ልክ ልኩን ክፈሉ፤ የሚጠጋጋ ነገር የለም። ካሸሩም ደስ ይለዋል፣ ለሚቀጥለው ሰው መልስ አገኘ ማለት ነው። መቶ ፔኒ ላመጣ ሰው ለስላሳ በነጻ እሰጣለሁ ያለ ሱቅ ሁሉ ነበር፤ ሺትዝ የተባለው የማደያ ሰንሰለት አድርጎታል። ለስላሳው አንድ ዶላር የሚበልጥ ከሆነ እኔ ብሆን ጣሳዬን ተሸክሜ እሄድ ነበር።

በካርድ ወይም በስልክ ስከፍልስ?

ምንም አይለወጥም። 8.47 ከሆነ 8.47 ይቆረጣል። ቼክ፣ ዜል፣ የባንክ ዝውውር፣ ደመወዝ፣ የመብራት ሂሳብ፣ ሁሉም እስከ አንድ ሳንቲም ድረስ ልኩን ይቀጥላል። አንድ ሳንቲም እንደ ቁጥር አልሞተም። የጠፋው በእጅ የሚያዘው ነው።

አንዳንድ ሰው "በ1፣ በ2፣ በ6፣ በ7 ሲያልቅ በካሽ፣ በ3፣ በ4፣ በ8፣ በ9 ሲያልቅ በካርድ እከፍላለሁ" እያለ ይቀልዳል። ይሠራል። ግን ቢበዛ በአንድ ግዢ ሁለት ሳንቲም ነው የምታተርፉት። ጊዜ ካላችሁ እናንተ ታውቃላችሁ።

ታክሱ የሚታሰበው ከመጠጋጋቱ በፊት ነው በኋላ?

በፊት። መጀመሪያ የዕቃው ዋጋ፣ ቀጥሎ ታክሱ፣ ከዚያ ድምሩ፣ መጨረሻ ላይ ማጠጋጋቱ። ሱቁ ለስቴቱ የሚያስገባው ታክስ እስከ ሳንቲሟ ድረስ ያው ነው፤ በማጠጋጋት የመጣችው ወይም የሄደችው አንድ ሁለት ሳንቲም የሱቁ ትርፍና ኪሳራ ናት። ደረሰኙ ላይም ትክክለኛው ድምርና የተጠጋጋው ለየብቻ ቢታዩ ጥሩ ነው፤ አካውንታንታችሁም ያመሰግናችኋል።

በዚህ ሰበብ ሱቆቹ እየበሉን አይደለም?

ይሄን የማይጠይቅ የለም፣ መጠየቁም ልክ ነው። የሪችመንድ ፌደራል ሪዘርቭ ባንክ ተመራማሪዎች በ2025 አስልተውት ነበር። በአጠቃላይ ሸማቹ ላይ የሚጨመረው በመላው አገሪቱ በዓመት 6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው ብለዋል። ለቤተሰብ ሲካፈል በዓመት 5 ሳንቲም እንኳ አይሞላም። ወደ ላይ ትንሽ ያዘነበለው ደግሞ ዋጋዎች በ9 ማለቅ ስለሚወዱ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ተራ የምግብ ሸቀጥ ታክስ የለበትም፣ ስለዚህ 3.99 የሚል ዳቦ ብቻውን በካሽ የገዛ ሰው 4 ዶላር ይከፍላል። ብዙ ዕቃ ሲሆን ግን የመጨረሻው አሃዝ የትም ሊያርፍ ይችላል፣ ይቻቻላል።

ማጠጋጋት አዲስ ነገር ከመሰላችሁ ደግሞ ማደያው ላይ የተለጠፈውን የነዳጅ ዋጋ ቀና ብላችሁ እዩት። ጥጉ ላይ ትንሽ ተደርጋ የተጻፈች 9/10 አለች። የሳንቲም ዘጠኝ አስረኛ ማለት ነው። ይህን የሚከፍል የብረት ገንዘብ በማንም ኪስ ውስጥ የለም፣ ሁላችንም ስንቀዳ የኖርነው ተጠጋግቶ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ድምሩ ሳይሆን የሚከፍለው ሰው ማንነት ነው። በካሽ የሚገዛው የባንክ ሒሳብ የሌለው፣ በቅርብ የመጣው፣ ካርድ የማያምኑ አባትና እናት፣ በቀን ገቢው የሚያድር ነው። ለእሱ ሁለት ሳንቲሟ ሳትሆን "ሳይነግሩኝ ወሰዱብኝ" የሚለው ነው የሚከነክነው። ሁልጊዜ ወደ ላይ ብቻ የሚያጠጋጋ፣ ማስታወቂያም ያልለጠፈ ሱቅ ካያችሁ ተናገሩ። ዕቃ ለምን ተወደደ ለሚለው ግን መልሱ ፔኒ ጋ አይደለም፤ የቤት ኪራዩን የጨመረው ሌላ ነው።

የተጠራቀመ ፔኒ አለኝ። ምን ላድርገው?

አውጡት። ሃምሳ ሃምሳውን በወረቀት ጠቅልላችሁ ሒሳብ ያላችሁበት ባንክ ውሰዱ፤ መጠቅለያውን ብዙ ባንኮች በነጻ ይሰጣሉ፣ የዶላር ስቶሩም አይጠፋም። ቅርንጫፉ ሳንቲም ይቀበል እንደሆነ አስቀድማችሁ ደውሉ፣ ምክንያቱም አንዳንዱ አይቀበልም። ሱፐርማርኬት ውስጥ ያለው የኮይንስታር ማሽን ፈጣን ነው ግን ከመቶ ከአስር በላይ ይቆርጣል፤ በጥሬ ገንዘብ ፋንታ የስጦታ ካርድ ከመረጣችሁ አብዛኛውን ጊዜ አይቆርጥም።

ክብደቱን አትናቁት። አስር ዶላር የሚሆን አዲሱ ፔኒ ሁለት ኪሎ ተኩል ይመዝናል፤ በቀጭን ፌስታል አትሞክሩት። ቤተ ክርስቲያን ሙዳየ ምጽዋት የሚቆጥሩ ሰዎች ይሄን ከማንም በላይ ያውቁታል። እነሱ ጋ ያለው ፔኒ ደግሞ ጎረቤት ያለ ሱቅ ሊፈልገው ይችላል። ሱቁ በወረቀት ዶላር ይቀይርላቸዋል፣ ሁለቱም ወገን ከባንክ ሰልፍ ይድናል።

የድሮ ፔኒ ብዙ ገንዘብ ያወጣል ይባላል። እውነት ነው?

ጥቂቶቹ አዎ፣ አብዛኞቹ አይደለም። ከስብስባችሁ ውስጥ የምትፈልጉት በጣም የታወቁትን ነው። በ1943 በጦርነቱ ምክንያት ፔኒ የተሠራው ከብረት ነበር፤ በስህተት በመዳብ የተመቱት ጥቂቶች ውድ ናቸው። ማግኔት አቅርቡለት። ከሳበው ተራው ነው፣ እንኳን ደስ ያለህ ለማለት አያበቃም። ካልሳበው ደግሞ ቶሎ አትዝለሉ፣ ዓመቱ ተፍቆ የሚሸጥ የውሸት ብዙ አለ። የ1955 ጽሑፉ ድርብ ሆኖ የወጣውና የ1909 ሳን ፍራንሲስኮ የተመታው፣ ጀርባው ላይ የቀራጩ ስም ሦስት ፊደል ያለበት፣ እነሱም ይፈለጋሉ።

"የመጨረሻው ፔኒ" ተብሎ በዜና የሰማችሁት ሌላ ነው። ሦስት ሦስት ፔኒ የያዘ 232 ስብስብ ተለይቶ የኦሜጋ (የግሪክ የመጨረሻ ፊደል) ምልክት ተደረገበት፣ እያንዳንዱ ስብስብ ውስጥ የወርቅ ፔኒም ነበረ፣ ዲሴምበር 2025 ጨረታ ወጥቶ በጠቅላላ ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ቁጥሩ 232 የሆነው ፔኒ መመታት ከጀመረበት ከ1793 ጀምሮ ስለተቆጠረ ነው። መልስ ሆኖ የተሰጣችሁ የ2025 ፔኒ ግን አንድ ሳንቲም ነው። ኢንተርኔት ላይ በመቶ ዶላር የሚለጥፉትን አትመልከቱ፤ መለጠፍና መሸጥ ይለያያል።

አቅልጬ መዳቡን ብሸጥስ? አገር ቤትስ ይዤው ብሄድ?

አቅልጦ መሸጥ ክልክል ነው። ከ2006 መጨረሻ ጀምሮ ፔኒንና ኒክልን (አምስት ሳንቲሙን) ማቅለጥ እስከ 5 ዓመት እስርና እስከ 10,000 ዶላር ቅጣት ያስከትላል። ምርቱ ስለቆመ ክልከላው ተነሣ የሚባለው ወሬ ነው። መንገደኛም ቢሆን ከአገር ይዞ እንዲወጣ በመደበኛነት የሚፈቀድለት 5 ዶላር የሚሆን ነው፤ ለልጆች ማሳያ ይበቃል።

ደግሞስ የትኛውን መዳብ? እስከ 1982 ድረስ የተሠራው 95 በመቶ መዳብ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው 97.5 በመቶ ዚንክ ሆኖ ላዩ ብቻ መዳብ የተቀባ ነው። በ1982 ሁለቱም ወጥተዋል። ለመለየት ሚዛን አያስፈልግም፣ ጠረጴዛ ላይ ጣል አድርጉት። የድሮው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ አዲሱ ደነዝ ያለ ድምፅ አውጥቶ ዝም ይላል። መኪና ኩባያ ማስቀመጫ ውስጥ ቡና ፈስሶበት የከረመው ደግሞ ጠርዙ ተበልቶ ነጭ ዱቄት መሰል ነገር ያወጣል፤ ዚንኩ ነው።

ሌሎች አገሮች እንዴት ተወጡት?

ካናዳ የዛሬ አሥር ዓመት ምናምን ጨርሳዋለች። መንግሥት በማርች 2012 አስታወቀ፣ በሜይ ዊኒፔግ ላይ የመጨረሻው ተመታ፣ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2013 ማከፋፈል ቆመ። ልዩነቱ ካናዳ እንዴት እንደሚጠጋጋ አስቀድማ ለሕዝቡ መመሪያ አውጥታ ነበር። ሱቁም ደንበኛውም አንድ ዓይነት ነገር ሰምቶ ስለጠበቀ ጭቅጭቁ ቶሎ በረደ። ቶሮንቶ ወይም ኤድመንተን ዘመድ ካላችሁ ጠይቁ፣ ዛሬ ፔኒ ትዝ የሚለው የለም።

እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ ሁለት ጊዜ አይተውታል። አንድ አጎራ በኤፕሪል 1991 ተሻረ፤ በዘመቻ ሰሎሞን በሜይ የገቡት ሲደርሱ እሱ ከሄደ ገና ሳምንታቱ ነበር። አምስት አጎሮት ደግሞ በ2008 መጀመሪያ ቀረ። ዛሬ እዚያ ትንሹ አሥር አጎሮት ነው፣ ካሽ ወደ እሱ ይጠጋጋል።

አገር ቤትማ ስሙኒውም ሽልንጉም ማንም በአዋጅ ሳይሽራቸው ከኪስ ጠፉ። የሻራቸው የዋጋ ንረቱ ነው። ሱቅ ገብተህ "መልስ የለም፣ ማስቲካ ልስጥህ?" የተባልክበት ጊዜ ትዝ ካለህ፣ ሕግ ሳይወጣ ሲጠጋጋ ምን እንደሚመስል ታውቃለህ። ሁልጊዜ የሚጠጋጋው ወደ ባለሱቁ ነበር።

ሱቅ ፔኒ አልቀበልም ማለት ይችላል?

በፌደራል ሕግ በኩል ይችላል። ፔኒ ሕጋዊ ገንዘብ ነው ማለት አንድ የግል ሱቅ ሻንጣ ሙሉ ፔኒ የመቀበል ግዴታ አለበት ማለት አይደለም። ካሽ የመቀበል ግዴታ የጣሉ ስቴቶችና ከተሞች ግን አሉ፣ ስለዚህ የምትኖሩበትን ማወቅ ይጠቅማል። በተግባር እንኳን እምቢ ሊሉ ቀርቶ ለምነው ነው የሚቀበሉት።

ካሸር ነኝ። ደንበኛ "መልሴን አጎደልሽ" ቢለኝ ምን ልበል?

ይሄ ሁሉ ነገር መጨረሻ ላይ የሚያርፈው ካሸሩ ላይ ነው። ዋሽንግተን የተወሰነውን ውሳኔ ለሰው የምታስረዳው ሌሊት ማደያ ውስጥ ብቻዋን የቆመችው ልጅ ናት። ካሽ ሬጅስተሩ ውስጥ የፔኒው ጉድጓድ ባዶ ሆኖ አሁን ላስቲክና ወረቀት ማያያዣ ይቀመጥበታል፤ ሰውየው ግን ሁለት ሳንቲሙን ይጠብቃል።

መጀመሪያ አለቃችሁ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ወደ ቅርቡ ነው የምናጠጋጋው ወይስ ሁልጊዜ ወደ ታች? በቃል የተነገረ ነገር ሒሳብ ሲጎድል ማንም አያስታውሰውም። ቀጥሎ ማሽኑ ራሱ የሚያጠጋጋ መሆኑን አረጋግጡ። ብዙዎቹ ማሽኖች ሶፍትዌራቸው ሲታደስ የካሽ ማጠጋጊያ ያመጣሉ። ማሽኑ ካላወቀው ግን እናንተ በእጅ 8.45 ስትቀበሉ እሱ 8.47 ይመዘግባል፣ ማታ ስትቆጥሩ በሳንቲሞች ትጎድላላችሁ ወይም ትተርፋላችሁ። ያንን ለብቻ መዝግቡት። ትንሽ ናት ብላችሁ ከኪሳችሁ አትሙሉ፤ አንድ ጊዜ ከለመዱባችሁ የእናንተ ዕዳ ይሆናል።

ደንበኛውን በተመለከተ ከከፈለ በኋላ ሳይሆን ከመክፈሉ በፊት ንገሩት። ለ8.47 ሂሳብ አሥር ዶላር ይዘው "ልጄ፣ መልሴ ላይ ሦስት ሳንቲም አለኝ እኮ" ላሉ አባት "አባባ፣ ፔኒ አልቆብን ነው፣ ሁለቷን ለእርስዎ ትተን 8.45 ነው ያደረግነው፣ መልስዎ 1 ዶላር ከ55 ነው" ብትሏቸው ይስቃሉ። ወደ ላይ የሄደ እንደሆነ ደግሞ "ፔኒ ካለዎት ልኩን እቀበላለሁ፣ በካርድም ልኩ ነው" በሏቸው። አሁንም ካኮረፉ ወደ ታች አውርዱላቸው። ለሁለት ሳንቲም ሰልፉን ማቆም አያዋጣም፤ ይሄንን ግን አለቃችሁ አስቀድሞ እሺ ያለው ይሁን።

ሱቅ አለኝ። ሕጉ ምን አድርግ ይላል?

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የፌደራል መንግሥት ምርቱን ሲያቆም የማጠጋጊያ ሕግ አብሮ አላወጣም። ኮንግረስ ውስጥ ወደ ቅርቡ አምስት ሳንቲም ይጠጋጋ የሚል ረቂቅ ቀርቦ ነበር፣ ነገር ግን ፔኒው ቀድሞ አለቀ። የቸርቻሪ ማኅበራት እንደሚሉት ደግሞ አንዳንድ ቦታ ልክ ልኩን መልስ መስጠት በሕግ ግዴታ ነው። ዴላዌር፣ ኮነቲከት፣ ሚሺጋንና ኦሪገንን፣ ከከተሞችም ኒውዮርክን፣ ፊላደልፊያን፣ ማያሚንና ዋሽንግተን ዲሲን ይጠቅሳሉ። ስቴቶች በየራሳቸው መመሪያ ስለሚያወጡ የስቴታችሁን የታክስ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ተመልከቱ። ሜሪላንድ ያለ የወንድማችሁ ሱቅ የሚያደርገውን ቨርጂኒያ ላይ እንዳለ አትቅዱ።

የእኔ ምክር፦ በሥርዓት ወደ ቅርቡ አጠጋጉ፣ ልክ መልስ ግዴታ በሆነበት ደግሞ ወደ ታች አውርዱ። ደንበኛው ከሚገባው በላይ መልስ አገኘ ብሎ የሚከሳችሁ እምብዛም ነው። ወደ ላይ ብቻ ማጠጋጋትን አትሞክሩት። በወር የምታገኙት የአንድ ካርቶን ውኃ ዋጋ አይሞላም፣ ስማችሁ ግን ይሄዳል፤ ሀበሻ ደግሞ ያወራል። በሩና ካሽ ሬጅስተሩ ላይ አጭር ማስታወቂያ ለጥፉ። በእንግሊዝኛው አጠገብ አማርኛውም ይኑር፦ "በፔኒ እጥረት ምክንያት በካሽ የሚከፈል ጠቅላላ ሂሳብ ወደ ቅርቡ 5 ሳንቲም ይጠጋጋል። በካርድ የሚከፈል አይለወጥም።"

ሌላው አማራጭ ዋጋውን ራሱ ማስተካከል ነው፤ ከነታክሱ በ0 ወይም በ5 እንዲያልቅ። ጀበና ቡናና ሳምቡሳ ለሚሸጥ ቤት ይሄ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ሁለት ሺህ ዓይነት ዕቃ ላለው ግሮሰሪ ግን አይታሰብም፣ ሰው ደግሞ ሁለት ሦስት ነገር አብሮ ሲገዛ ድምሩ ስለሚቀያየር ሙሉ በሙሉ አያድናችሁም።

ኢቢቲ የሚጠቀም ደንበኛ ካለኝስ?

ይህችን በደንብ አንብቧት። ፉድ ስታምፕ (የመንግሥት የምግብ ድጎማ) የሚቀበል ሱቅ በድጎማው ካርድ በኢቢቲ የሚከፍለውን ደንበኛ ከሌላው እኩል የማስተናገድ ግዴታ አለበት። ብዙ መክፈል የለበትም፣ የተለየ ዋጋም ሊሰጠው አይገባም። ኢቢቲ ደግሞ ካርድ ነው፣ 6.47 ከሆነ 6.47 ይቆረጣል። እናንተ ለካሽ ደንበኛ ሁልጊዜ ወደ ታች ስታወርዱ ከኋላው የቆመው የኢቢቲ ደንበኛ ለዚያው ዕቃ ሁለት ሳንቲም አስበልጦ ከፈለ ማለት ነው። የቸርቻሪ ማኅበራት "ደግ እንሁን ብለን ሕግ እንዳንጥስ" ብለው የተጨነቁት በዚህ ነው።

ስለዚህ ፈቃዳችሁን የሰጠው የግብርና መሥሪያ ቤት ለቸርቻሪዎች የሚልከውን ማሳሰቢያ ተከታተሉ፣ የደረሳችሁን ደብዳቤም ሳታነቡ አትጣሉ። የኢቢቲ ሂሳብ ላይ በፍጹም ማጠጋጊያ አታስገቡ። ማሽናችሁን ያስተካከለላችሁ ሰው "ለካሽ ብቻ" አድርጎ ማስተካከሉን አንድ ሙከራ ሽያጭ መትታችሁ ደረሰኙን እዩ። ደንበኛው ከፊሉን በኢቢቲ፣ ከፊሉን በካሽ ሲከፍል የሚጠጋጋው በካሽ የቀረው ብቻ ነው።

ቀጥሎ ኒክልም ይቀራል?

በስሌቱ ከሄድን ተራው የእሱ ነው። በ2024 አንድ ኒክል ለመሥራት 13.78 ሳንቲም ፈጅቷል፣ ለአምስት ሳንቲም! ፔኒ ሲጠፋ ደግሞ ሱቆች ለመልስ ብዙ ኒክል ይፈልጋሉ። ፔኒው እንዳይቀር ሲከራከሩ የነበሩት ሰዎች ዋና ነጥብም ይሄው ነበር፤ በፔኒ ያተረፋችሁትን በኒክል ትከስራላችሁ የሚል። ክርክሩን ከሚደግፉት ውስጥ ለፔኒ ጥሬ ዝርግ ሲያቀርብ የነበረው የቴነሲው ፋብሪካ እንዳለበት አትርሱ፣ ግን ቁጥሩ ቁጥር ነው።

ኒክል ከቀረ ግን ነገሩ እንደ ፔኒ ቀላል አይሆንም። ማጠጋጋቱ ወደ አሥር ሳንቲም ስለሚሆን ያው የሪችመንድ ስሌት የሸማቹን ጭማሪ ከ6 ሚሊዮን ወደ 56 ሚሊዮን ዶላር ያደርሰዋል። ኳርተር (25 ሳንቲም) ደግሞ በአሥር ሳንቲም ልክ ስለማይዘረዘር ሌላ ራስ ምታት ነው። ለጊዜው የኒክል ምርት ቀጥሏል፣ ባንክ ስትሄዱ ከዳይሙ ይልቅ የኒክሉን ጥቅል ጨመር አድርጋችሁ ጠይቁ።